ድቅን የማይል ፊት

አባታችን ባልዶሜሮ በሞተ በሦስተኛው ማታ፣
ቺሎዬ ደሴት ላይ ዝናብ እንደ ልማዱ የጣውላውን ቤት ሲመታ፣
አክስታችን ኦቲሊያ ከምድጃው ጥግ ቁጭ ብላ፣
የረጠበ የሱፍ ካልሲ ከእሳቱ አናት ላይ ሰቅላ፣
«በሉ» አለች፣ «ዓይናችሁን ጨፍኑና ፊቱን እዩት፤
ሳይደበዝዝ፣ ገና ትኩስ ሳለ፣ አጥብቃችሁ ያዙት።»

ጨፈንን።
የኤሊሴዮ፣ የታላቃችን፣ ዕንባው ወዲያው ወረደ፤
«ይኸው» አለ፣ «ሰጋቱራው ከቅንድቡ ላይ አልሄደ፤
ያቺ የመጥረቢያ ጠባሳ፣ በግራ ጉንጩ በኩል፣
ሳቅ ሲል እጥፍ ስትል፣ ዝም ሲል ዘርጋ ስትል።»

እኔ ግን ጨለማ።
የዓይኔ ቆብ፣ የእሳት ቅላት፤ ከዚያ ወዲያ የለማ።
አርባ አንድ ዓመት «ፊቱ ድቅን አለብኝ» ሲባል ስሰማ
«ልቤ ተሰበረ» እንደሚባለው፣ የአፍ ወግ፣ የቋንቋ ሸማ
መስሎኝ ነበር።
ለካ የምራቸውን ነው። ለካ በእርግጥ ያያሉ።
ለካ ሰዎች ከግንባራቸው ውስጥ መስኮት ከፍተው ይኖራሉ።

«አየሽው?» ስትለኝ አክስቴ፣ ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ።
ዋሸሁ።

ኒየቬስ፣ ታናሻችን፣ የአራተኛ ክፍል አስተማሪ፣
እሷም ብዙ አላየች፤ ውስጧ ሬዲዮ አለ፣ ሌት ከቀን ተናጋሪ፤
ድንች ስትልጥ ያወራል፣ ስትተኛም ዝቅ ይላል እንጂ አይጠፋም፤
የአባባን ድምፅ ሰማች፦ «ልጄ፣ ጥድ ካልቸኮሉበት አይከፋም።»
«አንተስ?» አለች ኤሊሴዮን፣ «ከራስህ ጋር ምን ታወራለህ?»
«ምንም። ሥዕሉን አያለሁ። ከዚያ ወዲያ ዝም ነው።»
«ዝም?» አለች። ማንኪያው ከእጇ ወደቀ። «ዝም ማለት ትችላለህ?»
ድምፅዋ ላይ ቅናት ነበር፣ የተኛን እንደሚያይ እንቅልፍ ያጣ ሰው።

እኔን የጠየቀኝ የለም።
ማዕበሉ ሸሽቶ፣ ጭቃው የዛጎል ሽታ ሲተፋ፣ ያለ ፋኖስ
ወረድሁ፣ ግማሿ ያለቀች ጀልባ ወደቆመችበት ዳስ።
ፊቱን የማታይ ልጅ፣ እያልሁ፣ ምን ዓይነት ልጅ ነኝ እኔስ?

ኤሊሴዮ ጠዋት በሐሳቡ አዙሮ አይቷት፣ ለክቶ ቆርጦ ነበር፤
ጣውላው ግን እንቢኝ አለ፣ በአንድ ጣት ክፍተት ከጎኗ ሳይታሰር።
አባባ በወረቀት አይሠራም፤ ማስመሪያም አያምንም።
በምን ያስብ ነበር እሱስ? በሥዕል? በቃል? በምን?
ጠይቄው አላውቅም።

በጨለማው ጣውላውን ዳሰስሁ። ሰባተኛው የጎን አጥንት ጋ ስደርስ
ጉልበቴ በራሱ ለዘብ አለ፣ ትከሻዬ ወደ ግራ ቀለስ፣
እሱ ሲልግ እንደሚዘምመው።
መዳፌ፣ እዚህ ጋ ወፍሯል፣ አለ። አይ፣ አላለም። ቃል አልነበረም።
ሥዕልም አልነበረም።
ደረጃ በጨለማ ሲያልቅ እግር እንደሚያውቀው፣
እንዲያ ነው አባቴን ያወቅሁት፦ ክብደቱን፣ ሙቀቱን፣ የቆመበትን ልክ፣ ሳላየው።
መላጊያውን አነሣሁ። እያለቀስሁ ላግሁ።
ሊነጋጋ ሲል ጣውላው ገጠመ።

ይኸው ስድስት ዓመት። ጀልባዋ ጥቂት ታፈሳለች፤
ዓሣ ግን ታመጣለች።
ባለፈው እሑድ፣ መረብ ስንጠግን፣ ኤሊሴዮ እጁን አቆመ፣
«ሥዕሉ እየፈዘዘብኝ ነው» አለ፤ ፊቱ እንደ ሕፃን ጨለመ።
«ሮዜንዳ፣ ጠባሳው በየት በኩል ነበር? በግራ አይደል?»

አልመለስሁም። እጄ ግን ተነሣ፣
በልጅነቴ ጀርባው ላይ ታዝዬ እንደማደርገው፣
ከኋላ፣ በአንገቱ ዞሮ፣
አየሩ ላይ ቀኝ ጉንጩን ዳሰሰ።

«በግራ ነው» አለ ኤሊሴዮ፣ ዓይኑን ጨፍኖ። «ይኸው፣ ፊት ለፊቴ ቆሟል።»
«መጥረቢያው ከግራ መጣ፣ ብሎኛል» አለች ኒየቬስ፣ «ቃል በቃል።»

እጄ ቀኙ ላይ ቀረ።